ጆሮ ክዳን የለውም፦ ሙዚቃ እየሰሙ ስለማጥናት

ይህ ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ያደረግኩት ንግግር ነው። "ጽሑፉን ላክልን" ያላችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ እንዲነበብ አድርጌ አስተካክዬዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ልብስ የሚታጠብበት፣ ዘመድ የሚጠየቅበት ሰዓት ነው። ያንን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

የዛሬውን ርዕስ የሰጡኝ አንድ እናት ናቸው። የወላጆች ስብሰባ አልቆ ሰው ሲበተን ጠጋ አሉኝና "መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አሉ። "ልጄ ያንን ነገር ጆሮው ላይ ይሰካል። መጽሐፉን ይገልጣል። ከዚያ ራሱን እንዲህ እንዲህ ያደርጋል። 'እያጠናህ ነው?' ስለው 'አዎ' ይለኛል። ያጠናል ወይስ ይዘፍናል?" ልጁ አጠገባቸው ቆሟል። "እማ፣ ሙዚቃ ካልሰማሁ አይገባኝም አልኩሽ እኮ" አላቸው። ሁለቱም ፍረድ ብለው ወደ እኔ አዩ።

ድሮ ቢሆን መልሴ አንድ ነበር። "አውልቀው!" እል ነበር። ያን ቀን ግን አላልኩም። እናትየው ያዩትን ነው የተናገሩት። ልጁም የሚሰማውን ነው የተናገረው። ሁለቱም አልዋሹም። ስለዚህ "ጊዜ ስጡኝ፣ በደንብ ልመልስ" አልኳቸው። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ያንን መልስ ይዤ ነው። እናትና ልጅ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል።

በራሴ ልጀምር። ያደግኩት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ብዙ አባወራ እንኖር ነበር። የእኛን ቤት ከጎረቤት የሚለየው የጭቃ ግድግዳ ነው። ጎረቤት ሲያስነጥሰው "ይማርህ" የምንለው ከቤታችን ሆነን ነው። ከአጥሩ ባሻገር ቡና ቤት ነበር። መሸት ሲል ቴፑ ይከፈታል፣ እስከ እኩለ ሌሊት አይዘጋም። እኔም ለማትሪክ ስዘጋጅ የወንድሜን ቴፕ አጠገቤ አስቀምጬ የራሴን ካሴት እከፍት ነበር። የሰው ዘፈን ከሚረብሸኝ የራሴ ይሻላል ብዬ ነው። ደስ ይለኝ ነበር። ሰዓቱ ሳይታወቀኝ ይሄዳል። ብዙ ያጠናሁ ይመስለኝ ነበር።

ፈተናው ላይ ስለ ኩላሊት አንድ ጥያቄ መጣ። ገጹ ታየኝ። ሥዕሉ ከላይ በግራ በኩል እንዳለ፣ ከሥሩ በእርሳስ እንዳሰመርኩበት ሁሉ ታየኝ። ቃሉ ግን አልመጣም። የመጣው አዝማቹ ነው። ያንን ገጽ ሳነብ ይዘፈን የነበረው ዘፈን አዝማች፣ ከነሳክስፎኑ። ገፋ ሳደርገው ተመልሶ ይመጣል። ጥያቄውን አለፍኩት፣ ተመለስኩበት፣ አሁንም ዘፈኑ ነው። በመጨረሻ ገምቼ ወጣሁ። ያን ቀን የተሰማኝን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አላጠናሁም እንዳልል ሌሊቱን ተቀምጬበታለሁ። አጥንቻለሁ እንዳልል አላውቀውም።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ሰው ሲያነብ ከንፈሩ ባይንቀሳቀስም ውስጡ ያነባል። አንድ መስመር አንብቡና ልብ ብላችሁ ስሙ። የራሳችሁ ድምፅ ነው የሚያነብላችሁ። ይህ የውስጥ ድምፅ ትልቅ ሥራ አለው። አንድ ሰው ስልክ ቁጥር ሲነግራችሁ፣ እስክሪብቶ እስክታገኙ ድረስ በውስጣችሁ ትደጋግሙታላችሁ አይደል? በዚያ መሃል ሌላ ሰው መጥቶ "ሽንኩርት ስንት ገባ?" ቢላችሁ ቁጥሩ ብን ብሎ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1974 አለን ባድሊና ግራሃም ሂች የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ ሳይኮሎጂስቶች ይህንን በሥርዓት አስቀመጡት። አእምሯችን ውስጥ ለጊዜው ነገር የምንይዝበት ቦታ አለ። የዚያ ቦታ አንዱ ክፍል ድምፅን ለጥቂት ሰከንድ ይይዛል፣ እንዳይጠፋም ደጋግሞ ያዞረዋል። ጠባብ ነው። ብዙ አይችልም። ያነበባችሁት ቃል የሚገባው እዚያው ነው። ዘፈኑም የሚገባው እዚያው ነው። ልዩነቱ፣ መጽሐፉ እናንተ ካላነበባችሁት አይገባም። ዘፈኑ ግን አንኳኩቶ አይደለም የሚገባው። ዓይን ክዳን አለው፤ መክደን ይቻላል። ጆሮ ክዳን የለውም።

እስቲ እንሞክረው። እስክሪብቷችሁን አስቀምጡ። ስምንት ቁጥር እነግራችኋለሁ። ስጨርስ ትንሽ እንቆያለን፣ ከዚያ በቅደም ተከተል ትጽፋላችሁ። 7፣ 3፣ 9፣ 1፣ 6፣ 4፣ 8፣ 2።

(አዳራሹ ጸጥ አለ። ሁሉም ጻፈ። ትክክል የሆነላችሁ ስል ብዙ እጅ ወጣ።)

አሁን ሌላ ስምንት ቁጥር። በዚህ መሃል ስልኬ ላይ ዘፈን እከፍታለሁ። ዘፈኑን አታዳምጡት። እንደሌለ ቁጠሩት። 5፣ 8፣ 2፣ 6፣ 9፣ 3፣ 1፣ 7።

(የከፈትኩት የሰርግ ዘፈን ነበር። ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ልጆች ትከሻቸው ሲነቃነቅ አየሁ። ጽፈው ሲጨርሱ የወጣው እጅ ከመጀመሪያው በጣም አነሰ። አንዷ እናት "ስድስቱን ይዤ ነበር፣ እልልታው ላይ ወደቀብኝ" አሉ።)

ይህ ጥናት አይደለም። የአዳራሽ ጨዋታ ነው። ግን ዋናዎቹ ጥናቶችም ነገራቸው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ቁጥር ወይም ፊደል ይሰጣሉ፣ ከበስተጀርባ ድምፅ ይለቃሉ፣ ምን ያህሉ በቅደም ተከተል እንደተያዘ ያያሉ። ውጤቱ በተደጋጋሚ አንድ ዓይነት ነው። ቃል ያለው ድምፅ ይረብሻል። ባታዳምጡትም፣ ባትፈልጉትም ይረብሻል።

ልጆች ሁልጊዜ የሚነግሩኝ ሁለት መልስ አለ። አንደኛው "የምወደው ዘፈን ስለሆነ አይረብሸኝም" የሚል ነው። ይህንን በትክክል የመረመሩ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ኒክ ፐርሃምና ጆአን ቪዛርድ ያሳተሙት ጥናት ነው፣ ዌልስ ውስጥ የተሠራ። ተማሪዎቹ የሚወዱትም የሚጠሉትም ሙዚቃ ተከፈተላቸው። ሁለቱም እኩል ጎዳቸው። መውደድ ጆሮን ደስ ያሰኘዋል እንጂ ያንን ጠባብ ቦታ አያሰፋውም። በዚሁ ጥናት አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ቆይቼ እመለስበታለሁ። "ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት" እያለ አንድ ቃል ብቻ የሚደጋግም ድምፅ ሲለቀቅላቸው ከጸጥታው ብዙም አልተለየባቸውም።

ሁለተኛው መልስ "የምሰማው እንግሊዝኛ ነው፣ ስለዚህ አይረብሸኝም" ነው። ይህንን ስሰማ አዝናለሁ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ መጽሐፋችሁ በምን ቋንቋ ነው? ባዮሎጂው፣ ፊዚክሱ፣ ኬሚስትሪው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛው ራሱ አድካሚ ሆኖባችሁ፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ እያነበባችሁ፣ በዚያው ቋንቋ የሚዘፍን ሰው ጆሯችሁ ላይ ታስቀምጣላችሁ። ለአንድ ወንበር ሁለት ሰው መላክ ነው። የማታውቁት ቋንቋ፣ ለምሳሌ ኮሪያኛ፣ ለንባብ ከዚያ ይሻላል፤ ትርጉሙ አይጎትታችሁም። በቅደም ተከተል ለመያዝ ግን እሱም ይረብሻል። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ለተማሪዎች የለቀቀው ጀርመንኛ ንባብ ነበር። ጀርመንኛ አይገባቸውም፤ ሆኖም የሚይዙት ነገር ቀነሰ።

አማርኛ ዘፈን ደግሞ ለብቻው መነጋገሪያ ነው። እኛ ዘፈን ስንሰማ ዜማውን ብቻ አይደለም የምንሰማው። ግጥም እንሰማለን። ሰምና ወርቅ ስንሰማ ነው ያደግነው። አንድ ጥሩ ስንኝ ሲመጣ ጆሯችን ቀጥ ይላል፤ "ቆይ፣ ምን ማለቱ ነው?" እንላለን። ኅብረ ቃሉ የቱ ጋ እንዳለ እንፈልጋለን። ሰሙን ሰምቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው ጥቂት ነው። ይህ የቋንቋችን ጸጋ ነው፣ እኔ በጣም እወደዋለሁ። ግን ራሱን የቻለ የጭንቅላት ሥራ ነው። ወርቅ እየፈለጉ የኬሚስትሪ ቀመር መያዝ አይቻልም። ትዝታ ቅኝትንም አስቡት። ስሙ ራሱ ትዝታ ነው። ሲከፈት ልብ ወደ ሰው ይሄዳል፣ ወደ ሰፈር ይሄዳል፣ ወደ አያት ቤት ይሄዳል። እንዲወስደን ነው የተሠራው። ገጹ ላይ መቆየት ለሚፈልግ ተማሪ እንደዚህ ያለ ተቀናቃኝ የለውም።

አሁን ደግሞ ስለ ሞዛርት ልናገር። ምክንያቱም "ክላሲካል ስማ፣ ጭንቅላት ያበራል" የሚል ነገር በቴሌግራም ሲዞር አያለሁ። ወላጆችም "ለሕፃን ልጄ ልክፈትለት?" ብለው ይጠይቁኛል።

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ፍራንሲስ ራውሸርና ባልደረቦቿ ካሊፎርኒያ ውስጥ 36 የኮሌጅ ተማሪዎችን ወሰዱ። ለ10 ደቂቃ የሞዛርትን የሁለት ፒያኖ ሶናታ አሰሟቸው። ከዚያ ፈተና ሰጧቸው። ወረቀት ታጥፎ፣ በመቀስ ተቆርጦ ሲዘረጋ ምን እንደሚመስል መገመት ነበር። በጸጥታ ከተቀመጡበት ጊዜ ይልቅ ከሞዛርቱ በኋላ የተሻለ ሠሩ። ጽሑፉ ኔቸር በተባለው ታዋቂ የሳይንስ መጽሔት ወጣና ዓለም ተቀባበለው። "ሞዛርት ብልህ ያደርጋል" ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት ገዥ ዜል ሚለር፣ ለሚወለድ ሕፃን ሁሉ የክላሲካል ሙዚቃ እንዲሰጥ 105,000 ዶላር በጀት ጠየቀ።

ይህን ሁሉ ሲቀባበሉ ሰዎች ያላዩት ሦስት ነገር ነበር። ጥናቱ ሕፃናት ላይ አልተሠራም። ያገኙት ብልጫ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ ጠፍቷል። ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ተማሪዎቹ ሙዚቃውን የሰሙት ከፈተናው በፊት ነው። እየሠሩ አይደለም የሰሙት። ሙዚቃው ቆመ፣ ከዚያ ሥራ ተጀመረ።

እ.ኤ.አ. በ2001 ካናዳ ውስጥ ቶምፕሰን፣ ሼለንበርግና ሁሴን ምሥጢሩን ፈቱት። ለአንዱ ቡድን ያንኑ የሞዛርት ደስ የሚል ሶናታ፣ ለሌላው የአልቢኖኒን ቀርፋፋና አሳዛኝ ዜማ ከፈቱ። ሞዛርቱ ረዳ፣ አሳዛኙ አልረዳም። ሥራውን የሠራው የሞዛርት ስም አልነበረም። መንቃትና ደስ መሰኘት ነው። ሞቅ ያለ ስሜት ይዞ ወደ ሥራ የገባ ሰው ለትንሽ ጊዜ የተሻለ ይሠራል። ይህ ከሆነ የእኛም ሞቅ ያለ ዘፈን ያደርገዋል ማለት ነው።

ስለዚህ ለልጁ የመጀመሪያ መልሴ ይኼ ነው። ሙዚቃ ካልሰማሁ አይገባኝም ያልከው ውስጥ እውነት አለ። ሙዚቃው ያነቃሃል፣ ሙድህን ያስተካክላል። ከትምህርት ቤት ደክመህ መጥተህ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመህ፣ ተገፍተህ ገብተህ፣ ቀጥታ መጽሐፍ ልግለጥ ብትል አይሆንም። አንድ ሁለት ዘፈን ስማ። ከፈለግክ ተነሥተህ ጨፍር፤ ማንም አያይህም። ከዚያ ንቀለውና ተቀመጥ። ያነቃህን ነገር እዚያው ላይ ትተህ፣ ንቃቱን ብቻ ይዘህ ግባ።

ሙዚቃ እየሰሙ መሥራት የሚያምርበት ቦታም አለ። እናቶች ይህንን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ወፍጮ ላይ ስንት እንጉርጉሮ ተወልዷል? ደቦ ላይ ያለ ዘፈን ማን ያጭዳል? እጅ የለመደውን ሲሠራ አፍና ጆሮ ነጻ ናቸው። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይኼው ገብቷቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ ቢቢሲ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት፣ ለፋብሪካ ሠራተኞች ሞቅ ያለ ሙዚቃ ያስተላልፍ ነበር። ፕሮግራሙ እስከ 1967 ቆይቷል። ሥራቸው አንድ ዓይነትና አሰልቺ ነበርና ሙዚቃው ጠቀማቸው። ተማሪም እንዲህ ያለ ሥራ አለው። ኖት መገልበጥ፣ ሥዕል ማቅለም፣ ወርክሺት ማደራጀት፣ ደጋግማችሁ የሠራችሁትን የሒሳብ ዓይነት ለእጅ ልምምድ መሥራት። እዚያ ላይ ክፈቱ። አዲስ ነገር የምታነቡ ከሆነ፣ የምትሸመድዱ ከሆነ፣ ድርሰት የምትጽፉ ከሆነ ግን ዝጉ።

ሰውና ሰውም ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ዝምተኛና ለብቻቸው መሆን የሚወዱ ሰዎች ሙዚቃ ከተግባቢና ጨዋታ ወዳድ ሰዎች ይበልጥ እንደሚረብሻቸው አሳይቷል። እህትሽ እየሰማች ማጥናት ብትችል አንቺም ትችያለሽ ማለት አይደለም።

አሁን ከልቤ ወደምወደው ነገር ልግባ። እስካሁን የነገርኳችሁን ሰምታችሁ "እሺ፣ ዜማና ትምህርት አይስማሙም" ልትሉ ትችላላችሁ። ይህቺ አገር ግን ተቃራኒውን ስታደርግ ኖራለች።

አያቴ ቄስ ትምህርት ቤት የተማሩ ሰው ነበሩ። ዓይናቸው ደክሞ ማንበብ ካቆሙ በኋላም ዳዊት ይደግሙ ነበር። ማታ ከእራት በፊት፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ መደባቸው ላይ ተቀምጠው። እኔ መጽሐፉን ይዤ እከተላቸዋለሁ። አንድ ቀን ሆን ብዬ "እዚህ ጋ ዘለሉ" አልኳቸው። አልዘለሉም ነበር። ቆም አሉ። መስመሩን በሐሳባቸው አልፈለጉትም። ዜማውን ነው ከፍ አድርገው እንደገና የጀመሩት። እዚያ ቃል ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው በለመደው መንገድ ወጣ፣ ወረደ፣ ቃሉም አብሮ መጣ። "አልዘለልኩም፤ ብዘልል ዜማው ይሰበር ነበር" አሉኝ። ስድሳ ዓመት ያለፈውን ትምህርት የያዘላቸው ያ ዜማ ነው። ግዕዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያለ እያንዳንዱ የራሱ አካሄድ አለው። ተማሪው ሲሳሳት መምህሩ ገና ቃሉን ሳይመረምር በድምፁ ይይዘዋል። የዜማችን አባት ቅዱስ ያሬድስ ቢሆን፣ በትውፊታችን ትምህርት አልገባህ ብሎት ከመምህሩ ከአጎቱ ከአባ ጌዴዎን የሸሸ ልጅ አልነበረም? ዛሬ በስሙ የተጠራው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከዚህ አዳራሽ በእግር የሚደረስ ነው።

ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? የአያቴ ዜማ ትምህርቱን ተሸክሞታል። ቃሉና ዜማው አንድ ናቸው። የእኔ ካሴት ግን ከትምህርቱ ጎን ሌላ ቃል ተሸክሞ ይሮጥ ነበር። ኩላሊቱ በአንድ በኩል፣ ዘፈኑ በሌላ በኩል። ያነሣሁት ዘፈኑን ነው፤ ምክንያቱም ዜማ የነበረው እሱ ነው።

ይህንን ካወቅኩ ወዲህ ክፍል ውስጥ እጠቀምበታለሁ። የሕያዋን አመዳደብ ስናስተምር ኪንግደም፣ ፋይለም፣ ክላስ፣ ኦርደር፣ ፋሚሊ፣ ጂነስ፣ ስፒሽስ የሚል ዝርዝር አለ። ልጆች ሁልጊዜ ኦርደርና ክላስ ይቀያየሩባቸዋል። አንዲት ተማሪ በሰርግ ዘፈን ዜማ አስገባችው። ጭብጨባው ክላስ ላይ እንዲያርፍ አድርጋ ነው የሠራችው። ከጓደኞቿ ጋር በእረፍት ሰዓት እያጨበጨቡ ይሉታል። በፈተናው ቀን ወረቀት እያደልኩ በመሃላቸው ሳልፍ፣ የልጅቷ ጣት ዴስኩ ላይ በቀስታ ሲመታ አየሁ። ጣቷ ክላስ ላይ ሲደርስ ጠንከር አለ። ከዚያ ጻፈች። እኔም ድሮ በሌሊት ቴፕ ከምከፍት ያንን ኩላሊት ብዘፍነው ኖሮ ብዬ አሰብኩ።

አሁን ወላጆችን ላናግር።

"በጸጥታ አጥና" ማለት ቀላል ነው። ጸጥታውን ከየት ያምጣው? መሃል አዲስ አበባ ላይ የልጁ ምርጫ ሙዚቃ ወይስ ጸጥታ አይደለም። የራሱ ሙዚቃ ወይስ የሌላ ሰው ድምፅ ነው። ታች ሱቅ ስፒከር አለ። ረዳቱ "ፒያሳ፣ ፒያሳ" ይላል። ግንባታው አለ። የጎረቤት ቴሌቪዥን አለ። ከሁሉም የሚከፋው የሰው ወሬ ነው፤ ቃል አለውና። ልጁ ማዳመጫ የሚሰካው ሁልጊዜ ዘፈን አምሮት አይደለም። ግድግዳ እየሠራ ነው። እኔም ዶሮ ማነቂያ እያለሁ ያደረግኩት እሱን ነው።

ግድግዳ ካስፈለገ ግን ቃል የሌለው ግድግዳ ይሁን። ያ "ሦስት፣ ሦስት" የሚለው ጥናት የሚነግረን ይህንን ነው። የሚረብሸው ድምፅ መኖሩ ብቻ አይደለም፣ መለዋወጡ ነው። ሳይለዋወጥ የሚቆይ ድምፅን ጆሮ ይለምደዋል። የክረምት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አስቡት። ይጮኻል፤ ግን ማንም "ረበሸኝ" አይልም፤ እንዲያውም ሌላውን ድምፅ ሁሉ ይሸፍናል። ዩቲዩብ ላይ የዝናብ ድምፅ ሞልቷል፤ አውርዱት፣ በዝቅታ ክፈቱት። ሙዚቃ ካልሆነ ካላችሁ ዘፋኝ የሌለበት ይሁን። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ አለ፣ የሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን አለ፣ ዋሽንት አለ። ደጋግማችሁ የሰማችሁት ቢሆን ይመረጣል፤ አዲስ ከሆነ ያንንም ታዳምጣላችሁ። ግጥሙን በቃላችሁ የምታውቁት ዘፈን በመሣሪያ ብቻ ቢጫወትም አይሆንም፤ ግጥሙን እናንተ ትሞሉለታላችሁ።

ድምፁንም ቀንሱ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት እስከ 40 ሰዓት 80 ዴሲቤል ይበቃል ይላል፣ ለልጆች ደግሞ 75። አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ከጆሯችሁ የሚወጣውን ዘፈን ከለየው በጣም ጮኋል።

ከቤት መውጣትም አለ። እዚሁ አራት ኪሎ በ2014 የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። ብሔራዊ አካባቢ ወመዘክር አለ፣ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። አብርሆት ሄዳችሁ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ኤርፎን የሰካ ብዙ ልጅ ታያላችሁ። ጸጥታ እያለ ግድግዳ ይዞ መጥቷል፤ ለምዶታል። ባለፈው አንዷን ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ አየኋት። እስክሪብቶዋ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ከዚያ ይቆማል፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ትመለሳለች። አዝማቹ በመጣ ቁጥር ማለት ነው። እሷ የምታውቀው አይመስለኝም። ልነግራት ፈልጌ ነበር። አላውቃትምና አፍሬ ተውኩት። እዚህ ካለሽ ይኸው ነገርኩሽ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ፈተናው የሚሰጠው የት ነው? ከ2015 ጀምሮ በብዛት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተሄዶ ነው። ስልክ የለም፣ ኤርፎን የለም። የፈታኙ ጫማ ድምፅ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ጎደንና ባድሊ ስኮትላንድ ውስጥ ጠላቂ ዋናተኞችን ቃላት አስጠኗቸው፣ አንዳንዱን ውኃ ውስጥ፣ አንዳንዱን ምድር ላይ። ውኃ ውስጥ ያጠኑትን ይበልጥ ያስታወሱት ውኃ ውስጥ ሆነው ነው፣ ምድር ላይ ያጠኑትን ደግሞ ምድር ላይ። ትዝታ ከተያዘበት ቦታ ጋር ይተሳሰራል። ሁሉን ነገር በሙዚቃ ያጠና ልጅ ጸጥ ያለ አዳራሽ ውስጥ ሲገባ ጸጥታው ራሱ ባዕድ ይሆንበታል። ቢያንስ የመጨረሻውን ክለሳ፣ የቆዩ ፈተናዎችን ስትሠሩ፣ ያለ ምንም ድምፅ ሥሩ። ሰዓት ይዛችሁ፣ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጣችሁ።

ጥያቄ ካላችሁ።

(ከኋላ አንድ ልጅ ተነሣ። "ቲቸር፣ ያልከው ገብቶኛል። ግን ካልከፈትኩ ይደብረኛል። ደብሮኝ እተኛለሁ" አለ።)

እውነትህን ነው። ደብሮህ ከምትተኛ እየሰማህ ብታነብ ይሻላል። ዜሮና ትንሽ አንድ አይደሉም። ግን እንዲህ ሞክረው። አንድ ንዑስ ርዕስ በጸጥታ ጨርስ። አጭር ይሁን፣ ሁለት ሦስት ገጽ። ከዚያ መጽሐፉን ዝጋና አንድ ዘፈን በደንብ አዳምጥ፣ ከነግጥሙ። ዘፈኑም እንደሚገባው ይሰማል፣ መጽሐፉም እንደሚገባው ይነበባል። ለአንድ ሳምንት አድርገውና ንገረኝ። ካልሠራልህ ሌላ እንፈልጋለን።

(ከዚያ እኚያ እናት እጃቸውን አወጡ። ልጃቸው አንገቱን ደፋ፤ ሊወቀስ የመሰለው ይመስለኛል።)

"እኔ ጥያቄ የለኝም" አሉ። "ቤታችን አንድ ክፍል ነው። እሱ ሲያጠና እኔ ድራማዬን እከፍታለሁ። ዛሬ ሲገባኝ ያንን ነገር ጆሮው ላይ የሚሰካው በእኔ ምክንያት ነው።" ወደ ልጃቸው ዞር አሉ። "ስንት ሰዓት ነው የምታጠናው?"

"ከሁለት እስከ አራት" አላቸው።

"እንግዲያው ድራማውን በማግስቱ ሲደግሙት አየዋለሁ" አሉት።